አመመኝ አላለችም

ቁጡ ሴት ነኝ። ኋላ "ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?" እንዳትሉኝ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ባለቤቴ "አንቺ ነርስ ባትሆኚ ኖሮ ትራፊክ ፖሊስ ነበር የሚያደርጉሽ" ይለኛል። ይበል። በዚህ ሙያ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ፤ ሕመም አያናድደኝም። ሕመም ነው፣ ይመጣል፣ እንታገለዋለን። የሚያናድደኝ ሰው በገዛ እጁ ያመጣውን ነገር ተሸክሞ መጥቶ "እባካችሁ መርፌ ውጉልኝ" ሲል ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ሆሳዕና፣ በምሠራበት አንድ የግል ክሊኒክ ነው። እኔ የሌሞ ገበሬ ልጅ ነኝ። ከሀዲይኛ ሌላ ቋንቋ መኖሩን ያወቅኩት ትምህርት ቤት ስገባ ነው። አማርኛን በኩርኩም ነው የተማርኩት ማለት ይቻላል፤ ዛሬም ስናደድ አነጋገሬ ይለወጣል ብለው የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ይሄን የምላችሁ ለወሬው ስለሚያስፈልግ ነው።

እረፍቴን ጨርሼ አንድ ጠዋት ስገባ የልጆች ክፍል ውስጥ አንዲት ሕፃን ተኝታ አገኘሁ። ኤልዳና ትባላለች። አምስት ዓመት አልሞላትም። ግሉኮስ ተሰክቶላታል፣ ክንዷ ሲያዩት ያሳሳል። ዶክተር ብሩክ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። ከአዲስ አበባ በቅርብ የመጣ ልጅ እግር ሐኪም ነው፣ ትሑት ልጅ።

"ሲስተር ዘነበች፣ ግራ ገብቶኛል" አለኝ። "ምግብ እምቢ ብላለች። ደሟን አየን፣ ሰገራዋን አየን፣ ሽንቷን አየን፣ ሁሉም ደህና ነው። አልትራሳውንድም ምንም አያሳይም። ለጥንቃቄ ብዬ አንቲባዮቲክ ጀምሬላታለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ አመመኝ ትላለች።"

"የቱ ጋ ነው የሚያማት?"

"እሱን አትናገርም። አመ፣ አመ ብቻ ነው የምትለው። ቃሉን ለመጨረስ እንኳ አቅም የላትም። እስከ ነገ ጠዋት አንድ ነገር ካልቀመሰች ሪፈር እጽፍላታለሁ። እዚህ ይዣት ልጅ ላጣ አልችልም።"

ገባሁ። አጠገቧ እናቷ ተቀምጣለች፤ ምህረት ትባላለች፣ ባንክ ነው የምትሠራው። ዐይኗ በእንቅልፍ እጦት አብጧል። አልጋው ላይ ልጅቷን የሚያህል የአሻንጉሊት ድብ አለ። ትራሱ ላይ ታብሌት ተደግፎ የእንግሊዝኛ ካርቱን ይጮኻል። ልጅቷ ድቡንም ካርቱኑንም አላየችም። ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ተኝታለች፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ዐይኗ ከፈት ይላል፣ የገባውን ሰው ያይና ይከደናል።

ሙቀቷን ልለካ ጎንበስ ስል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

"አማ" አለች።

ሰማሁ እኮ። አመ አይደለም። አማ ነው። እኛ ሀዲያዎች እናታችንን የምንጠራበት ቃል ነው፤ ልጅ ሲወድቅ፣ ሲርበው፣ ሲፈራ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው እሱ ነው። እናቲቱ "ወዬ" ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ታብሌቱን ታስተካክላለች።

"ምህረት፣ እየጠራችሽ አይደል እንዴ?"

"አይ ሲስተር፣ አመመኝ ማለቷ ነው። እኔን ማሚ ነው የምትለኝ።"

"አማ ነው እኮ ያለችው።"

"ሀዲይኛ አታውቅም" አለች ቶሎ ብላ። "ቤታችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የምናወራው።"

ይሄን ስትል አላየችኝም። ምህረት ራሷ የሾኔ ልጅ ናት፣ ባሏ ደሳለኝ ደግሞ የቦኖሻ። ሁለቱም አማ ብለው አልቅሰው ያደጉ ሰዎች ናቸው። ይቺ ሴት ቃሉን አጥታው አይደለም። ዶክተሩ አላወቀም፣ ከየት ያውቀዋል? እሷ ግን አጠገቡ ቆማ "አዎ ዶክተር፣ አመመኝ ነው የምትለው" ብላ ስትተረጉም ከርማለች። ደሜ ፈላ።

ምህረት ስልክ ተደውሎላት ወጣ ስትል ካርቱኑን ዘጋሁና አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። በሀዲይኛ፣ እናቴ እኔን ታናግርበት በነበረው ድምፅ፣ "የኔ ልጅ፣ አማ ማናት? የት ናት?" አልኳት።

ዐይኗ ከበሩ ላይ ተነሥቶ እኔ ላይ አረፈ። ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ከዚህ አፍ ይሄ ቋንቋ እንዴት ወጣ የምትል ትመስል ነበር።

"ቦኖሻ" አለች።

እናቲቱ ስትመለስ በሩን ዘግቼ ጠበቅኳት። "ምህረት፣ ቦኖሻ ያለችው አማ ማናት?" ስላት ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነው፤ ከሥሩ ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ።

ልጅቷ ስትወለድ እሷ ሐዋሳ ትማር ነበር፣ ደሳለኝም ሥራው ሌላ ከተማ ነበር። የጡት ወተት እንዳቆመች ቦኖሻ ወስደው ለደሳለኝ እናት ሰጧት። አያቲቱ አዘሏት፣ አጎረሷት፣ ጉያቸው አስተኟት። ልጅቷ እናት ብላ የምታውቀው እሳቸውን ነው። ሁለቱ ሆሳዕና ተመድበው ቤት ሲይዙ፣ ለኬጂ ስትደርስ አመጧት። ልጅቷ ያኔ አማርኛ አትችልም ነበር። ትምህርት ቤቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚኮራ ነው። ደሳለኝ "ቤት ውስጥ ሀዲይኛ የሚባል እንዳልሰማ" አለ። አያቲቱ አንዴ መጥተው ሲሄዱ ልጅቷ ሌሊቱን ስታለቅስ ስላደረች "እስክትለምድ አትምጪ" ተባሉ። በስልክ ድምፃቸውን ስትሰማም ታለቅሳለች፤ ስልኩም ቀረ።

"ስይዛት ትደነድናለች፣ ሲስተር" አለች ምህረት እያለቀሰች። "የወለድኳት እኮ እኔ ነኝ። አማ ስትል እሳቸውን መሆኑን አውቃለሁ። አዎ ብዬ ባምን እኔ ምኗ ልሆን ነው?"

አሳዘነችኝ፣ አልዋሽም። ግን ማዘንና ዝም ማለት ለየቅል ናቸው። "አንቺ ምኗም ትሁኚ፣ መጀመሪያ ልጅቷ ትኑር" አልኳት።

በምሳ ሰዓት ደሳለኝ መጣ። የዞን መሥሪያ ቤት ኤክስፐርት ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ስብሰባ ላይ እንዳለ ሰው የተለካ። የማንጎ ጁስ ይዟል። ኮሪደር ላይ ወስጄ በእርጋታ፣ እውነቴን ነው በእርጋታ፣ ነገርኩት። ልጅህ አያቷን ነው የምትጠራው፣ እናትህን አስመጣ አልኩት።

"ሲስተር፣ ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው" አለኝ። "አንቺ መድኃኒቱን በሰዓቱ ስጪልን።"

"መድኃኒቷ ቦኖሻ ነው ያለው እያልኩህ ነው።"

"እናቴ ከመጣች የልጄ አማርኛ ተመልሶ ይበላሻል። ገና አሁን ነው የተስተካከለላት። ክፍል ውስጥ እኮ ሲስቁባት ነበር!"

"አፏ ተስተካክሎ ሆዷ ባዶ ነው።"

"ምን ጎደለባት?" አለ፣ አሁን ድምፁ ከፍ ብሏል። "ንገሪኝ፣ ምን ጎደለባት? ጥሩ ትምህርት ቤት አስገባኋት። የራሷ ክፍል አላት። የራሷ አልጋ አላት። እኔ በሷ ዕድሜ ሳር ላይ ነበር የምተኛው። ምን ጎደለባት?"

የራሷ ክፍል። እስቲ ስሙት። ከተወለደች ጀምሮ ሰው ጉያ ውስጥ የተኛችን ልጅ አንድ ቀን አንስተው ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን አስተኝተው፣ ከጨለማው ጋር እንድትነጋገር የማታውቀውን ቋንቋ ሰጥተው፣ ምን ጎደለባት ይላል የተማረው ሰውዬ።

"ሰው ነው የጎደለባት!" አልኩት። እርጋታዬ እዚያ ላይ አለቀ። "ሳር ላይ ስትተኛ ማን አጠገብ ነበር የምትተኛው? እናትህ አጠገብ! ያ ነው የጎደለባት! አንተ ጠግበህ የበላኸውን ነው የቀማሃት!"

በሽተኛው ሁሉ አንገቱን አወጣ። ዶክተር ብሩክ መጥቶ ለየን። ነገሩ ሲገባው እሱም ለደሳለኝ "አያቷ ቢመጡ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም እኔም እመክራለሁ" አለው። ደሳለኝ "ሪፈሩን ይጻፉልኝ፣ ነገ አዲስ አበባ እወስዳታለሁ" ብሎ ጁሱን አስቀምጦ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

በዚህች አቅሟ መንገድ! የሚያስጨንቀኝ እሱ ነበር። አዲስ አበባም ቢደርሱ ሌላ ደም ይቀዱላታል፣ ሌላ ሐኪም አመ የሚለውን ይሰማል፣ እሷም ሌላ በር ታያለች። ተረኛዋን ነርስ "የዛሬን ያዢልኝ" ብዬ ጋወኔን አወለቅኩ።

ከግቢው ልወጣ ስል ምህረት ከኋላዬ ሮጣ ደረሰችብኝ። ወዴት እንደምሄድ አልጠየቀችም።

"ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው" አለች በሹክሹክታ። "የደሳለኝ እናት፣ ወይዘሮ አየለች ብለሽ ጠይቂ፣ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃቸዋል። እኔ እንደነገርኩሽ ግን እንዳይታወቅ፣ ሲስተር።"

መናኸሪያ ስገባ ወያላው "ቦኖሻ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!" እያለ ይጮኻል። አንድ ሰው ይልና ሌላ ብዙ ሰው ይጭናል፣ ታውቁታላችሁ። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ከሾፌሩ ጋር በሆዴ ተጣላሁ። ከራሴም ጋር ተጣላሁ፤ ልጅቷ አማ ያለቻት አያቷን ባይሆንስ፣ ሴትዮዋ አልሄድም ቢሉስ፣ እስክመለስ አንድ ነገር ብትሆንስ?

ቦኖሻ ፀሐዩ ሌላ ነው፣ ከሆሳዕና ለመጣ ሰው ያቃጥላል። ወይዘሮ አየለች ግቢያቸው ውስጥ በርበሬ አስጥተው እያገላበጡ አገኘኋቸው። ቀጠን ያሉ፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። ከሆሳዕና መምጣቴን፣ ነርስ መሆኔን ስነግራቸው እጃቸው በርበሬው ላይ እንዳለ ቀረ።

"ሞተች?" አሉኝ።

"በሕይወት አለች፣ እማማ። ግን ምግብ እምቢ ብላለች።"

"ደሳለኝ ደስ ብሏታል፣ ትምህርት ለምዳለች ነው የሚለኝ" አሉ። በርበሬውን ለጎረቤት አደራ ብለው ነጠላቸውን ደረቡና ከእኔ ቀድመው ወደ መንገዱ ወጡ።

ሚኒባሱ ውስጥ ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ "ትጠራኛለች?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ምን ብላ?"

"አማ ብላ።"

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ሆሳዕና እስክንገባ አላወረዱትም።

ክሊኒኩ ስንደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። ደሳለኝ ከሥራ ወጥቶ የክፍሉ በር ላይ ቆሟል። እናቱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ማን ጥሪ አለሽ? በማን ፈቃድ ነው? እከስሻለሁ!"

መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ያውም የተዘጋጀ። እሳቸው ግን ቀደሙኝ።

"ዞር በል" አሉት ልጃቸውን። በሀዲይኛ ነው ያሉት፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ኤክስፐርቱ ዞር አለ።

ገቡ። ልጅቷ እንደ ልማዷ በሩ ሲከፈት ዐይኗን ከፈተች። አየቻቸው። እኔ አሁን ትጮኻለች፣ ዘላ ትጠመጠማለች ብዬ የግሉኮሱን ገመድ ልይዝ እጄን ዘርግቻለሁ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ደሳለኝ ከኋላዬ "ይኸው፣ አየሽ? ረስታታለች" አለ። አነጋገሩ ላይ ደስታ ነበረበት፤ ይሄን ይቅር ብዬው አላውቅም። ነርስ ባልሆን ኖሮ ያን ዕለት እጄን አነሣ ነበር።

ወይዘሮ አየለች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አልነኳትም፣ አላባበሏትም፣ "አማ መጣችልሽ" አላሉም። ዝም ብለው ጀርባዋን እያዩ ተቀመጡ። ከዚያ ከግድግዳው በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ፣ በሀዲይኛ።

"ሸንኮራውስ?"

እኔ ምንም አልገባኝም። ምህረት ግን አፏን በመዳፏ ያዘች፤ እሷና ደሳለኝ ያውቁታል።

ወይዘሮ አየለች መልስ ሲሰጡ ነው የገባኝ። ልጅቷን ሊወስዷት የመጡ ቀን መኪና ውስጥ አልገባም ብላ ቀሚሳቸው ላይ ተንጠልጥላባቸው ነበር። ደሳለኝ እናቱን "አታልያት" አላቸው። እሳቸውም "ግቢ የኔ ልጅ፣ አማ ሸንኮራ ገዝታልሽ አሁን ትመጣለች" አሏት። ልጅቷ አመነች፣ ገባች። መኪናው ተነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ታያለች።

"ዋሸሁሽ" አሉ ወይዘሮ አየለች ለዚያች ትንሽ ጀርባ። "ሸንኮራም አልገዛሁም። ልመጣም አልነበረም። አታለልኩሽ። አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።"

እኛ አገር ትልቅ ሰው ሕፃን ይቅርታ ሲጠይቅ አይታችኋል? እኔ አላየሁም። እናቴም፣ አባቴም፣ መምህሮቼም ይቅርታ ብለውኝ አያውቁም። እዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከሁላችንም ያነሰ ጥፋት የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ። ያዘዛቸው ቆሟል፣ ስልኩን የዘጋባቸው ቆሟል፣ ስማቸውን በሽታ ብላ የተረጎመችባቸው ቆማለች። ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ልጅቷ ዞረች። በዚያ መርፌ ባልተሰካበት እጇ አያቷን ደረታቸው ላይ መታቻቸው። ደግማ መታች። አሮጊቷ አልከለከሉም። ከዚያ ያው እጅ ነጠላቸውን ጨምድዶ ያዘና ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ ከገባች ጀምሮ ያላሰማችውን ዓይነት ልቅሶ፣ ኮሪደሩን የሚያናውጥ። ዶክተር ብሩክ "ምን ሆነች?" ብሎ ሮጦ መጣ። "ተዋት፣ ታልቅስ፣ አሁን ነው የዳነችው" አልኩት።

ልቅሶው ሲበርድ ወይዘሮ አየለች አጥሚት ጠየቁ። ምህረት ሮጣ ይዛ መጣች። ልጅቷ ከአያቷ እጅ በማንኪያ ጠጣች፤ ትንሽ ጠጣች፣ ግን ጠጣች። ከዚያ አሮጊቷ ማንኪያውን ለምህረት አቀበሏትና "ነይ፣ እኔ ይዣታለሁ፣ አንቺ አጠጫት" አሏት። ምህረት አንድ ማንኪያ ሰጠቻት። ልጅቷ አየቻት፣ አያቷን አየች፣ አፏን ከፈተች።

ደሳለኝ ዶክተሩን ምን ብሎ ጠየቀው መሰላችሁ? "አንቲባዮቲኩ አሁን ነው መሥራት የጀመረው ማለት ነው?"

ሪፈሩ ቀረ። ከጥቂት ቀን በኋላ በእግሯ ወጣች። አያቷ ሆሳዕና ቀሩ፤ ደሳለኝ ፈቅዶ አይደለም፣ ምህረት "እሳቸው ከሄዱ እኔም እሄዳለሁ" ስላለችው ነው። እኔን ኃላፊዬ ቢሮ ጠርታ ሥራ ጥዬ በመሄዴ ገሠጸችኝ። ልክ ናት፣ ደንብ ደንብ ነው። ነገም ቢሆን ግን አደርገዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተለውጦብኛል። የታመመ ልጅ ሲመጣልኝ ምን በላ ከማለቴ በፊት ከማን ጋር ይተኛል፣ ሲፈራ ወደ ማን ይሮጣል ብዬ እጠይቃለሁ። ወላጆች ይቆጡኛል፣ "ምን አገባሽ?" ይሉኛል። ያገባኛል። አንባቢዎቼ፣ አማርኛን እየሰደብኩ እንዳይመስላችሁ፤ ይኸው በእሱ እየጻፍኩላችሁ ነው፣ እንጀራዬንም የምበላው በእሱ ነው። እንግሊዝኛውም ይሁንላችሁ። ግን ልጃችሁ ሲጨንቀው የሚጠራውን ሰው ቀምታችሁ በምትኩ ቋንቋ ብትሰጡት፣ በዚያ ቋንቋ ማንን ይጥራበት? ደሞዛችሁን ሁሉ ክፈሉለት፣ አልጋውን ከፈረንጅ አገር አስመጡለት፤ ጭንቅላቱን የሚያስጠጋበት ደረት ከሌለ እንግዳ ማረፊያ ነው የከፈታችሁለት።

በቀደም አንድ ሠርግ ላይ ደሳለኝን አገኘሁት። ማለቴ፣ እሱ አላየኝም፣ ከኋላው ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ ለከበቡት ሰዎች የልጁን ሕመም ያወራል። "የአንጀት ኢንፌክሽን ነበር፣ ኃይለኛ አንቲባዮቲክ ነው ያዳናት" ይላል። አንድ ወጣት አባት፣ የአንጋጫ ልጅ፣ በትኩረት ይሰማዋል። የእሱም ልጅ ከገጠር ከመጣ ወዲህ ምግብ አልበላ ብሎት፣ ሌሊት እያለቀሰ አላስተኛ ብሎታል። "የቱ ክሊኒክ ነው? ስሙን ንገረኝና ነገውኑ ልውሰደው" አለ።

ሳህኔን ይዤ ተነሣሁ። ደሳለኝ ሲያየኝ ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። እሱን አላናገርኩትም። ወደዚያ ወጣት አባት ዞርኩና "እኔ እዚያ ነው የምሠራው፤ ሳታመጣው በፊት ግን ዛሬ ማታ አጠገቡ ተኛና ሲያለቅስ ማንን እየጠራ እንደሆነ ስማው" አልኩት።